የዘይላው ግምጃ

ገሠሠ የፊት ጥርሱን ያጣው መቃብር ላይ ነው። ያወለቀው የወይራ ምርኩዝ ነው፤ ምርኩዙን የሰነዘረችው ዘሪቱ ናት። ዛሬ አዲስ ጥርስ አስተክሎ ሲስቅ ሌላው ሰው አይለየውም፤ እሷ ግን ትለየዋለች። ተጸጽታ እንደሆን የሚጠይቋት አሉ። ምን በወጣት! ሬሳ ሊሸኝ የመጣ ሰው አርፎ ቢያለቅስ ኖሮ ጥርሱም አርፎ ይቀመጥለት ነበር።

የሞተው አክሊሉ ነው፤ የዘሪቱ ታናሽ ወንድም፣ ከእናቷ ማህፀን የቀራት አንድ ሰው። አትላንታ ጥግ፣ ክላርክስተን ባለችው ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ዳቦና ሲጋራ በሚገዛበት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ጎረምሶች ገብተው ደረቱን በጥይት አሉት። እጁን ወደ ላይ አንስቶ ነበር። ያነሳውን እጅ ማን አየለት! አብራው የምትሠራው ሶፍያ፣ የሐረር ልጅ ናት፣ ሻሿን ፈትታ፣ መሬት ተንበርክካ ደሙን ስትደፍን አምቡላንስ ደረሰ። ደም በሻሽ የሚደፈን ይመስል። ገዳዮቹ አልተያዙም። ፖሊስ «እየፈለግን ነው» ይላል፤ መፈለግማ የጠፋ መርፌም ይፈለጋል።

አክሊሉ አንድ ልጅ አለው፤ ልዑል ይባላል። ስቶን ማውንቴን ያደገ፣ ቁመቱ ጉበን የሚነካ፣ አማርኛው ግማሽ እንግሊዝኛው ሙሉ የሆነ ጎረምሳ ነው። አባቱ ከተገደለ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም፣ ዓይኑን አልከደነም። መኪናውን አስነስቶ ክላርክስተንን ሲዞራት ይውላል። የሚመታው ሰው አጥቷል። የሚመታው ያጣ ሰው ደግሞ ቅርቡ ያገኘውን ነው የሚመታ። ይህን ዘሪቱ ሳይነግሯት ታውቃለች፤ ባሏም እንዲያ ነበር፣ ነፍሱን አይማረውና።

እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሟ በአባቶቹ ግምጃ ተሸፍኖ መቃብሩ አፍ ድረስ እንዲሄድ።

ግምጃው ቀይ ሐር ነው። ቀይ ነበረ ይባል እንጂ ዛሬስ የደረቀ ጉበት መስሏል። ዳር እስከ ዳር በወርቀ ዘቦ ሐረግ የመሰለ ነገር ተሸምኖበታል፤ በሐረጉ መሃል የዘሪቱ ሴት አያቶች በየዘመናቸው በሰማያዊ ክር ትንንሽ መስቀል ጠልፈውበታል። ጀርባው የቤት ፈትል ነው። ከአንኮበር በታች፣ ይፋት ጥግ ባለው በእነዘሪቱ አገር፣ ከቤተሰቡ ሰው ሲሞት ይህ ግምጃ ሬሳው ላይ ይነጠፋል። መቃብሩ አፍ ሲደርሱ ለሟቹ በሥጋ የቀረበው፣ ልጅ ካለ ልጁ፣ ይገፈዋል። የገፈፈው ሰው ጠባቂው ነው፤ ሌላ እስኪሞት ግምጃው እሱ ቤት ይኖራል። ሳይለብሰው የተቀበረ ሰው በእነሱ ዘንድ የሜዳ ሬሳ ነው፤ ወገን የሌለው፣ አሞራ የሚዞርበት።

ግምጃው የመጣው ከንግድ መንገድ ነው። ያኔ፣ ነገሥታቱ በድንኳን በሚኖሩበት ዘመን፣ ዘወልድ የሚባለው አባታቸው የዝሆን ጥርስና በቀንድ የታጨቀ ዝባድ ጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። ሰውም በገመድ እያሰረ ይነዳ ነበር ይባላል። የዘመዶቿን ነውር ዘሪቱ አትሸፍንም፤ አባቴ ንጹሕ ወርቅ ብቻ ነግዶ ከበረ የሚል ካለ ይምጣና ይንገራት። ታዲያ ክርስቲያን ብቻውን ያንን በረሃ አያልፍም። ከኑር ጋር ነው የሚወርደው። ኑር የይፋት እስላም ነው፤ የግመሎቹ ጌታ፣ የውሃውን ጉድጓድ የሚያውቅ፣ ባሕሩ ዳር የሕንዱንም የግብጹንም ነጋዴ በቋንቋው የሚከራከር። ደጋ ላይ ዘወልድ ለኑር ዋስ ነው፤ ቆላ ላይ ኑር ለዘወልድ ዋስ ነው። እንዲህ ሆነው ዕድሜያቸውን ጨረሱ።

አንድ ጊዜ ሲመለሱ፣ ከአዋሽ ወዲህ፣ ጎህ ሲቀድ ቀማኞች ወረዱባቸው። የጫኞቹን ጉሮሮ በተኙበት አረዱት። ዘወልድን ጦር በብብቱ ገብቶ በትከሻው ወጣ። ኑር በጎራዴ ከትከት አድርጎ ከጣላቸው በኋላ የተረፉት ሸሹ፤ ጣቶቹን ግን እዚያው አሸዋ ላይ ትቷቸዋል። «ቅበረውና እንሂድ» አሉት የተረፉት ሰዎቹ። «አልቀብርም» አለ። ለንጉሡ ግምጃ ቤት የታዘዘውን ሐር ፈትቶ ሬሳውን ጠቀለለበት፤ ቁንዶ በርበሬና ብርሌ የተጫነችውን ግመል አራግፎ እሱን ጫነ፤ ጅብ ከኋላው እየተከተለው ደጋውን ወጣ። ለሚስቲቱ፣ «ባልሽ ይኸውልሽ። ጨርቁን ግን አፈር አታብይው፤ ገፈሽ አስቀምጪው፤ ሌላም ሟች አለ» አላት። ስለ ሐሩ የንጉሡ ሰዎች ኑርን ገርፈውታል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሙት ለብሶታል።

ይህ ሁሉ ታሪክ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው አትላንታ መቃብር የደረሰው፤ በዘሪቱ ብብት ሥር።

የቀብሩ ቀን ሰማዩ ጠርቷል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ አረንጓዴው ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሳጥኑ በሚያወርደው ማሽን ላይ ተቀምጧል። ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። የለቀስተኛውን መኪኖች እየመራ የመጣው ፖሊስ መኪናውን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ቄሱ ጸሎቱን አሳርገው ወደ ኋላ ሲሉ ዘሪቱ ምርኩዟን ወንበር ላይ አጋድማ ፌስታሏን ፈታች። ግምጃውን ሳጥኑ ላይ ነጠፈችው። ፀሐይ ስታገኘው ወርቀ ዘቦው ብልጭ አለ።

ብልጭ ባይል ምን ነበረበት! ኤርሚያስ አየው። ኤርሚያስ ጂዳ ሾፌር ሆኖ የኖረ፣ ከዚያ ሀገር ምላስ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ነው። አንገቱን አስግጎ ተጠጋ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ይሄ እኮ ዐረብኛ ነው።»

«ምኑ?» አለ ገሠሠ። ገሠሠ የደብሩ ኮሚቴ ነው፤ ብሩክሄቨን ቢሮ ከፍቶ ቤት ያሻሽጣል፤ ሰው ሲሞት ከቤተዘመዱ ቀድሞ ከፊት ይቆማል።

«ሐረጉ። ሐረግ አይደለም፣ ጽሕፈት ነው። ሌላው ተጠላልፏል፤ ይቺ ግን ቢስሚላህ ናት። በየመኪናው መስታወት ላይ ሳያት የኖርኩ ነኝ!»

ድንኳኑ ሥር ጉምጉምታ ሆነ። ገሠሠ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ወይዘሮ ዘሪቱ፣ ምንድን ነው ያለበሱት?»

«ግምጃ ነው። ዓይን አልፈጠረብህም?»

«ከየት የመጣ?»

«ከዘይላ።»

«ዘይላ ማነው ያለው?»

«እስላም ነዋ። ታዲያ ሐር ማን ሊሸጥልህ ኖሯል? ቄስ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። ገሠሠ ስድብ ይችላል፤ ሳቅ ግን አይችልም። ፊቱ ደም ለበሰ።

«ወንድማችን በክርስቶስ ደም የተጠመቀ ነው!» ብሎ ጮኸ። «በጸሎት ተፈትቶ ሲያበቃ በአሕዛብ ጨርቅ አይጠቀለልም! ይነሳ!»

«የለበስከው ሱፍ የተሰፋው ቬትናም ነው። አንተ መጀመሪያ ሱሪህን አውልቅ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ይቺ ልጅ ናት ይሄንን ያመጣችው!» አለ ገሠሠ፣ ጣቱን ወደ ሶፍያ ቀስሮ። ሶፍያ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ዳር ላይ፣ ከሁሉ ርቃ ነበር የቆመችው። «እዚህ ከኛ ምን አላት? ሟች አጠገብ ምን ትሠራለች? ሱቁ ሲዘረፍ እሷን ጥይት እንዴት ሳታት? ማንም አልጠየቀም!»

እንዲህ ያለ ቃል ደረቅ ሳር ላይ እንደ ተጣለ ፍም ነው። ልዑል ቀና አለ። ጧት ጀምሮ የሳጥኑን እጀታ ብቻ ሲያይ የነበረው ልጅ ሶፍያን አያት። ዘሪቱ ዓይኑን አየች፤ የሚመታው አጥቶ የከረመ ሰው የሚመታውን ያገኘበት ዓይን ነው።

«ዋት ዲድ ዩ ዱ?» አለ። «ሶፍያ፣ አባቴን ምን አደረግሽው?»

«ልዑሌ፣ በአላህ፣ እኔ ምን…»

አልጨረሰችም። ማንቁርቷን በአንድ እጁ ጨብጦ ከድንኳኑ ብረት ጋር አላተማት። ጭንቅላቷ ሲመታ ብረቱ ደወል መሰለ። ደገማት። ከንፈሯ ተተረተረ፤ ደሙ በአገጯ ወርዶ አንገቷን አለበሰው። ሻሿ ወልቆ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ እሱ ሻሹን ይዞ ያጠብቀው ጀመር። ሴቶቹ ጮኹ። ወንዶቹ ግማሹ ሊያላቅቅ፣ ግማሹ ሊያይ ተጋፋ። ቄሱ በክንድ ተመትተው ወንበሮቹ ላይ ወደቁ።

ዘሪቱ ምርኩዟን አነሳች። ይህን ልጅ ጡት ሲጥል አዝላው ነበር። ሁለቱንም እጇን ምርኩዙ ላይ አድርጋ ክርኑን አለችው። ለቀቀ። ደግማ ጎኑን ስትለው ጎንበስ አለ፣ ኮቱ ተገለበጠ፣ ከወገቡ አንድ ነገር ተንሸራቶ ሳሩ ላይ ዱብ አለ።

ሽጉጥ ነው።

ጩኸቱን የሰማው ፖሊስ ስልኩን ኪሱ ከትቶ እየመጣ ነበር። እጁ ወገቡ ላይ ነው።

ዘሪቱ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን አገር ግን ቆጥራዋለች። ጥቁር ጎረምሳ፣ ሽጉጥ፣ አፏ የደማ ሴት፤ እዚህ አገር ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ልጁን ከአባቱ ጎን ለመቅበር ሁለተኛ ጉድጓድ ያስቆፍራል። እናም ቀሚሷን ዘርግታ፣ እንደ ዶሮ እንቁላሏ ላይ፣ ሽጉጡ ላይ ቁጭ አለች።

«ማም፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ሲክ!» አለችው። «አይ ሲክ! ማይ ብራዘር ዳይ! አይ ሲቲንግ!»

ፖሊሱ ወንበሮቹን አየ። ወንበር ሞልቷል። አንዱን ሊያቀርብላት ሲል፣ «ኖ ቼር! ማይ ካንትሪ፣ ግራውንድ!» አለች። ብረቱ ጭኗን ቆንጥጧታል።

ወደ ሶፍያ ዞረና ማን እንደመታት ጠየቃት። ሶፍያ ደም ዋጠች። ልዑልን አየችው፤ ክርኑን ይዞ ቆሟል። ከዚያ መሬት የተቀመጠችውን ዘሪቱን አየቻት፤ ዘሪቱም በዓይኗ ብቻ ለመነቻት። በሕይወቷ ሰው ለምና የማታውቅ ሴትዮ ናት።

«የድንኳኑ ገመድ ጠልፎኝ ነው» አለችው ሶፍያ በእንግሊዝኛ። «ወደቅሁ።»

ፖሊሱ አላመነም። አለማመኑ ያስታውቅ ነበር። ከዚያች ቦታ አልነቃነቅ አለ፤ ልዑልን ይጠይቃል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ምን ሆነህ ነው ይላል።

በዚህ መሃል ገሠሠ ግምጃውን ከሳጥኑ ላይ ላጥ አደረገው።

ዘሪቱ አየችው። በብብቱ ወሽቆት፣ ከሬሳ መኪናው ጀርባ ሲሄድ፣ ኤርሚያስን «ጧፍ የለኮስክበትን ላይተር አምጣ» ሲለው ሰማችው። ጆሮዋ ገና አላረጀም።

«ገሠሠ! እጅህን! እጅህን ይቁረጠውና!»

መነሳት ግን አትችልም። ብትነሳ ልጁ አለቀለት፤ ብትቀመጥ ግምጃው አለቀለት። ሐር ሲቃጠል እንደ ሰው ጠጉር ነው የሚሸተው፤ ሽታው መጣ። ነጠላዋን ነክሳ ተቀመጠች። የዘወልድ ደም ያለበት፣ እናቷ የለበሰችው፣ ስንቱ ሙት የለበሰው ጨርቅ እያረረ፣ እሷ ቂጧን መሬት ተክላ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። የሰማት ሁሉ ለወንድሟ ያለቀሰች መሰለው።

ጭሱ ግን ለፖሊሱም ሸተተው። ዞር ብሎ ከሬሳ መኪናው ጀርባ የሚነሳውን ሲያይ ተሳደበና እሳት ማጥፊያ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሮጠ። እሷም ጊዜ አላጠፋችም። ሽጉጡን ከሥሯ ስባ ግምጃው በነበረበት ፌስታል ከተተችው፣ ፌስታሉን ለሶፍያ ወረወረችላት፣ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች።

ገሠሠ ግምጃውን አስፋልቱ ላይ ጥሎ በጫማው ጫፍ ወደ ነበልባሉ ይገፋው ነበር። አንድ ጥጉ ጠቁሯል፣ እሳቱ ወደ መሃሉ ይሄዳል። ዘሪቱ ተጎንብሳ በባዶ እጇ መታችው። መዳፏ ተጠበሰ፤ ቆዳዋ ከሐሩ ጋር ተጣበቀ፤ ግን መታችው። ገሠሠ ከኋላ ነጠላዋን ይዞ ሳባት፤ ነጠላው ጉሮሮዋን አነቃት።

«ይተዉት ይቃጠል! ለነፍስዎ ይፍሩ!»

«ለነፍሴ?» አለች እየተናነቀች። «አንተ ለጥርስህ ፍራ!»

ዞራ ሰነዘረችው። ምርኩዙ አፉ ላይ ሲያርፍ ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ተንበረከከ። እጁን አፉ ላይ ሲያደርግ ደሙ በጣቶቹ መሃል ሰርጎ ያንን የቬትናም ሱፍ አበላሸው። ሊነሳ ሲል ትከሻውን ደገመችው። ኤርሚያስ ላይተሩን ጥሎ መኪኖቹ መሃል ገባ፤ ያ ሁሉ ዐረብኛ አንድ ቃል እንኳ አላቀበለውም።

ፖሊሱ እሳት ማጥፊያውን ተሸክሞ ሲደርስ እሳቱ ጠፍቷል፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ ጥርሱን ይለቅማል።

«ዋት ሃፕንድ ቱ ሂም?»

ቄሱ፣ ቆባቸውን እያቃኑ፣ በዚያች በማትሞላ እንግሊዝኛቸው፣ «ዘ ሮፕ» አሉ።

ፖሊሱ ድንኳኑን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ገሠሠን አየ። ገሠሠ ምን ይበል? አሮጊት አወለቀችኝ ይበል? የሰው መቃብር ላይ እሳት አንድጄ ነው ይበል? በደም አፉ ራሱን ነቀነቀ። ገመዱ ነው።

ዘሪቱ የተረፈውን ግምጃ አነሳች። አንድ ሦስተኛው አመድ ሆኗል። ወስዳ ሳጥኑ ላይ ነጠፈችው፤ የጠቆረውን በእግርጌው፣ ደህናውን በደረቱ በኩል፣ ጥይቱ በገባበት። የመዳፏ ቆዳ አብሮት ቀረ። ገሠሠን ሰዎች ደግፈው መኪና ውስጥ አስገብተውታል።

ሠራተኞቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ልዑል ወደ ፊት ራመድ አለ። ክርኑ አብጧል፣ ፊቱ በእንባ ተለውሷል። ዘሪቱ የተቀመጠችበትን አይቷል፤ ምን ላይ እንደተቀመጠች ገብቶታል።

«አክስቴ» አለ። «እኔ ነኝ አይደል የማነሳው? ዳድ ነግሮኝ ነበር። ልጁ ነው ኦፍ የሚያደርገው፣ ከዚያ እሱ ኪፕ ያደርገዋል።»

«ነግሮህ ነበር?»

«ልጅ እያለሁ። ስለዚያ… ግመል ስለነበረው ሰውዬ። ስለ ኑር።»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። አላውቅም ቢል ኖሮ ዘሪቱ አለማወቁን ትምርለት ነበር፤ እሷም ስንት የማታውቀው ነገር አለ። ሶፍያን አየቻት። ልጅቱ ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ያበጠ ከንፈሯን በሻሿ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ያው የአክሊሉን ደም የደፈነችበት እጅ ነው።

«ስለ ኑር እያወቅህ ነው እሷን ያነቅካት?»

እጁን ወደ ግምጃው ዘረጋ።

«ንካውና!» አለችው። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞራ፣ «ዳውን» አለች።

ሠራተኛው ጨርቁን አመለከታት። ሰው ሁሉ ከማውረዱ በፊት ያነሳል፤ ረስታው ይሆናል ብሎ ነው፣ ደግ ሰው ነው።

«ዊዝ ክሎዝ» አለች። «ኦል። ዳውን!»

ማሽኑ ተንቀሳቀሰ። ሳጥኑ ከነልብሱ ዝቅ አለ። ልዑል መጀመሪያ አልገባውም፤ ግምጃው ከምንጣፉ ጠርዝ በታች ሲወርድ ነው የገባው። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ!» እያለ በጉልበቱ ተደፋ፣ ክንዱን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደ፣ የተቃጠለውን ጠርዝ ጨበጠ። ሐሩ በጣቱ መሃል ተቆረሰ። ሌላውን ሊይዝ ሲል ምርኩዙ ጣቶቹ ላይ አረፈ። የአጥንቱ ድምፅ ሲሰማ ሰዎቹ ፊታቸውን አዞሩ።

«አክስቴ፣ ፕሊስ! የኔ ነው! ልጁ ነኝ!»

«ነፍስህን ትቼልሃለሁ» አለችው ዘሪቱ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ይብቃህ።»

የተመታ እጁን ብብቱ ከትቶ፣ ግንባሩን አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እንደ ሕፃን። አላባበለችውም። ሳጥኑ ሥሩ ደርሶ ማሽኑ ዝም አለ።

ሶፍያ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«እማማ ዘሪቱ፣ እርስዎስ? እርስዎን ምን ያለብሱዎታል?»

«እኔን?» አለች። አሰብ እንኳ አላደረገችም። «እኔ እኔ ነኝ። ሳር ይበቃኛል።»

ተጎንብሳ በዚያ በተላጠ መዳፏ አፈር ዘገነች። የጆርጂያ አፈር ቀይ ነው፤ ከደሟ ጋር ተለወሰ። ወረወረችው። ሐር ላይ የወደቀ አፈር ድምፅ የለውም። ሁለተኛ እፍኝ ዘገነች።